አንዷ መብራት ጎድላለች

ዛሬ ስለ መኪና ነው የምጽፈው። መኪና የሌላችሁም ታገሡኝ፤ እኔም የለኝም። ያለኝ የአንድ የተከራየሁት መኪና ታሪክና አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ሳላስበው ያደርኩት አንድ ሌሊት ነው። ነገሩን ረስቼው ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ስልክ ተደወለልኝና ተመልሶ መጣብኝ፤ ስለ ስልኩ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ጊዜው የካቲት 2017 ዓ.ም. ነው። ፈንታሌ አካባቢ ከመስከረም ጀምሮ መሬት ይንቀጠቀጥ ነበር። የካቲት 7 ቀን ሌሊት የደረሰው 6.0 ሆኖ ተለካ። እኔ ደግሞ እንደ አብዛኛው ፍሪላንሰር ዜናው ከቀዘቀዘ በኋላ የምሄድ ሰው ነኝ። ትልልቆቹ ካሜራቸውን ጠቅልለው ሲመለሱ፣ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች ቤታቸውን ጥለው የወጡት ሰዎች ምን ላይ እንዳሉ ልጽፍ፣ ከዚያም ሰመራ ወርጄ የክልሉን ኃላፊ ላናግር አንድ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ከነባለቤቱ ተከራየሁ። ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው የሚነዱት። ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ሬዲዮ የማይከፍቱ፣ መንገድ ላይ ስልክ የማያነሱ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

አዳማ ላይ የናፍታ ሰልፉ ማለቂያ አልነበረውም። ጋሼ «እንሰለፍ» አሉ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሰመራ ላይ በማግሥቱ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ፤ ያቺን ቀጠሮ ለማግኘት ስንት ቀን እንደ ደወልኩ የማውቀው እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ከጀሪካን እንቅዳ፤ የዋጋውን ልዩነት እኔ እችላለሁ» አልኳቸው። ደስ አላላቸውም። ግን ደንበኛ ነኝና እሺ አሉ። ከአዳማ ከወጣን በኋላ መንገድ ዳር ከቆሙ ልጆች ሁለት ጀሪካን ገዛን፣ በጨርቅ እያጠለልን ሞላን።

በሰቃ ሐይቅን ተሻግረን መተሐራን እንዳለፍን ጋሼ አንድ ከባድ መኪና ሊቀድሙ ወጡ። ፔዳሉን ወለል ድረስ ረገጡት። መኪናዋ ግን አልተሳበችም። ወደ መስመራችን ተመለስን። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ መብራት በርታለች። ቼክ ኢንጂን።

«ምን ማለት ነው?» አልኩ።

«ማለትማ ብዙ ነገር ማለት ነው» አሉ ጋሼ፤ ከዚያ በኋላ አዋሽ እስክንገባ አልተናገሩም። በ40 እየተንፏቀቅን ነበር፤ ሲኖትራኩም አይሱዙውም ጥሩንባውን እየነፋብን አለፈ።

አዋሽ ሰባት ኪሎን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። የመኪና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ትደርሱባታላችሁ፤ ከከተማዋ ወጣ ሲባል መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው በሚኤሶ ወደ ድሬዳዋ፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጋላፊና ጅቡቲ። የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ነው ሲባል የምትሰሙት ነገር እዚህች ከተማ ውስጥ በዓይን ይታያል፤ ቀንም ሌሊትም ተሳቢ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የባቡር ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳዮቹ ባቡር እዚህ ይቆም ነበር፤ ጣቢያውና አጠገቡ ያለው ቡፌ አሁንም አሉ። ለሞተር የሚሆን ሰው የማይታጣባት ከተማ ናት ለማለት ነው።

ያገኘነው ጋራዥ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከፊቱ አንድ ግራር ያለበት ነው። መካኒኩ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ኮምፒውተር እጠብቅ ነበር። ልጁ ከኪሱ ያወጣው ግን አንድ ጣት የምታህል ሽቦ ነው። ከመሪው ሥር ያለውን መሰኪያ ፈልጎ ሁለት ቀዳዳዎችን በሽቦዋ አገናኘና ቁልፉን አዞረ። ያቺ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«ቁጠር» አለኝ።

በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ መብራቷ የታወቀ ቋንቋ አላት። የተወሰነ ጊዜ ብልጭ ትላለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ብልጭ ትላለች፤ ሁለት አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። ልጁ ቁጥሩን ላስቲክ ከተለበጠች ወረቀት ጋር አመሳከረ። የናፍታ ግፊት።

«ፓምፑ ነው?» አሉ ጋሼ። ፊታቸው ተለወጠ። የኮመን ሬል ፓምፕ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ያደርጋል።

«ቁጥሩ ሕመሙ የት አካባቢ እንደሆነ ነው የሚናገረው ፋዘር፤ ዕቃ አይጠራም። ፓምፑ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ላይ ያለችው ቫልቭ ልትሆን ትችላለች። ሴንሰሩ፣ አየር የሚያስገባ ቱቦ፣ ፊልትሮ። ከርካሹ እንጀምር።»

ይህቺን «ከርካሹ እንጀምር» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ቁጥር ካስነበበ በኋላ በቁጥሩ ስም የተጠራውን ዕቃ ገዝቶ ይቀይርና መብራቷ ተመልሳ ትበራለች። ልጁ ፊልትሮውን ፈትቶ ሣህን ላይ ገለበጠው። ውሃ አልነበረውም። ቡና አተላ የመሰለ ጭቃ ነበረው። ጋሼ ወደ ጭቃው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ምንም አላሉም። ጀሪካኑን ያስገዛሁት እኔ ነኝ።

አዲስ ፊልትሮ ገባ፣ አየሩ ወጣ፣ ፊውዟ ተነቅላ ተሰካች፣ መብራቷ ጠፋች። ሁሉ ነገር አንድ ሰዓትም አልፈጀ። ልጁ እጁን እየጠረገ «ከሚመጣልኝ ሰው ግማሹ አሠራልኝ አይደለም የሚለው፣ አጥፋልኝ ነው» አለ። ሳቅሁ። እኔም በልቤ አጥፋልን ስል ነበርና።

ሂሳብ ልንከፍል ስንል ልጁ እንደገና ገብቶ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም። ዳሽቦርዱን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ዘይት፣ ባትሪ፣ የእጅ ፍሬን፣ ቼክ ኢንጂን፣ የናፍታ ፊልትሮ...

«አንዷ ጎድላለች።»

ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ስታዞሩ መብራቶቹ ሁሉ ለአፍታ የሚበሩት አምፖላቸው በሕይወት መኖሩን ለማሳየት ነው። ያን ጊዜ ያልበራች መብራት፣ ችግር ሲመጣም አትበራም። ጎድላለች የተባለችው «ቲ-ቤልት» የሚል የተጻፈባት ናት። ቶዮታ በብዙ የናፍታ መኪኖቹ ላይ ያደርጋታል። ታይሚንግ ቺንጋው መቀየሪያው ደርሷል የምትል መብራት ናት። ቺንጋውን አይታ አይደለም የምትበራው፤ ኪሎ ሜትር ነው የምትቆጥረው። እንደ ሞዴሉና እንደ ተሠራበት ገበያ በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ትበራለች፣ ቺንጋው ሲቀየር መካኒኩ ወደ ዜሮ ይመልሳታል።

«ፋዘር፣ ይቺን መብራት በርታ አይተዋት ያውቃሉ?»

«እኔ ዘንድ በርታ አታውቅም» አሉ ጋሼ፤ ኩራትም ነበረበት።

«እሱ ነው ያሳሰበኝ» አለ ልጁ።

ጥቂት ቡሎን ፈትቶ የላይኛውን ክዳን አነሳ። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋው አጭር ነው፣ ለማየትም አያስቸግርም። በባትሪ አበራልንና ሞተሩን በቁልፍ እያዞረ አሳየን። በጥርሶቹ ሥር የፀጉር ያህል ስንጥቆች ተደርድረዋል። አንደኛው ጠርዙ ተተልትሎ ክሩ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ መኪና ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ታይሚንግ ቺንጋ ታችኛውን የክራንክ ሻፍት ዙር ወደ ላይኛው ካም ሻፍት ያደርሳል። ታች ሁለት ጊዜ ሲዞር ላይ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ቫልቮላዎቹ የሚከፈቱትና የሚዘጉት በዚያ ልክ ነው። ቺንጋው ከጎማና ከክር የተሠራ ነው። ሙቀት ያደርቀዋል፣ ዘይት ያበላሸዋል፣ ዕድሜም ብቻውን ይበቃዋል። አይጮኽም፣ አይሸትም። ቼክ ኢንጂንም ስለሱ የሚሰማው ጥርስ ከዘለለ ወይም ከተበጠሰ በኋላ ነው። ሲበጠስ ካሙ ይቆማል፣ ፒስቶኖቹ ግን መውጣት መውረዳቸውን ወዲያው አያቆሙም። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ፒስቶኑ ክፍቱን የቆየውን ቫልቮላ ያገኘዋል። ቫልቮላ ይታጠፋል፣ ቴስታታ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይብሳል። አሮጌ የቤንዚን ኮሮላ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ፤ ፒስቶኑ ቫልቮላው ጋ ስለማይደርስ ሞተሩ ዝም ብሎ ይቆማል። ቪትስ ደግሞ ቺንጋ የለውም፣ ሰንሰለት ነው። የናፍታ ሃይሉክስ፣ ሃይኤስ፣ ያ ሁላችንም የምናውቀው ባለ 4.2 ሊትሩ ላንድክሩዘር ግን ቺንጋቸው ሲበጠስ ዋጋ ያስከፍላል።

ልጁ ይህን ሁሉ በሁለት እጁ ነው ያሳየን። አንዱን መዳፍ ወደ ላይ፣ የሌላውን ጣቶች ወደ ታች አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ጧ አደረጋቸው።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ያን ጊዜ «ሰመራ ድረስ አትወስደንም?» ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ጋሼ አይደሉም። «እስካሁን ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር የወሰደች 350 ትወስዳለች፤ ነገ ሰመራ ይቀየራል» አልኩ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር፤ ብንነሳ ማታ እንገባለን።

ልጁ «ልትወስድ ትችላለች። ከገዋኔ ወዲያም ልትቆም ትችላለች። እኔ ፈርሜ አልሰጥም» አለ።

ያንን መንገድ የሄደ ያውቃል። ከገዋኔ እስከ ሚሌ ያለው ምድር ሲመሽ መኪና የሚቆምበት አይደለም፤ ስለ አዳይቱና አካባቢው ይህ ቻናል ላይ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም። ጋሼ ክዳኑ የተነሳውን ሞተር ሲያዩ ቆዩና «አንተ ብትቀር ሌላ መኪና ታገኛለህ። እኔ ሌላ መኪና የለኝም» አሉኝ። በዕቁብና በብድር ነው የገዟት። መልስ አልነበረኝም። ሰመራ ደውዬ ቀጠሮውን ላራዝም ሞከርኩ፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ።

ልጁ አዳማ ደወለ። ቺንጋው፣ መወጠሪያውና ፑሌጃው ሌሊት በሚያልፍ አውቶቡስ እንዲላክ ተስማማ። ዋጋው ከሦስት ቀን ኪራይ ይበልጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ማለፉን ሁላችሁም በየፊናችሁ ቀምሳችሁታል፤ የመለዋወጫ ሻጭ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይሰማዋል። ጋሼ ያን ያህል በእጃቸው አልነበረም። የቀሪዎቹን ቀናት ኪራይ አስቀድሜ ላክሁላቸው።

ዕቃው እስኪመጣ ልጁ የጎደለችውን መብራት ሊፈልግ ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ ፈታ። አምፖሉ የተቃጠለ ነበር የመሰለን። አምፖሉ ደህና ነው። ከፊቱ፣ መብራቱ በሚያልፍባት ቀዳዳ ላይ፣ ተቆርጣ በልኳ የተለጠፈች ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ አለች።

ልጁ ቴፗን በጥፍሩ ላጣት። ቁልፉን አዞረ። ቲ-ቤልት ቦግ አለች። ሞተሩን ለአፍታ ሲያስነሳው ሌሎቹ ሁሉ ጠፉ፤ እሷ ቀረች። ወዲያው አጠፋው።

«ፋዘር፣ ሲገዟት ስንት ታነብ ነበር?»

«94 ሺህ።»

«አሁን 168 ናት። ከገዟት ወዲህ ዳሽቦርዱ ተፈቶ ያውቃል?»

«ማንም አልነካውም።»

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። «እንግዲህ ሲገዟት ተሸፍና ነበር ማለት ነው። 94 ሺህ ላይ የማትበራ መብራት ለምን ትሸፈናለች?»

ጋሼ ወዲያው አልገባቸውም። እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ። መብራቷ የተሸፈነችው በርታ ስለነበረ ነው። በርታ ከነበረ ደግሞ ቢያንስ መቶውን ሺህ አልፋ ነበር። ስለዚህ 94 ሺህ የሚለው ቁጥር ሐሰት ነው። ቁጥሩን የመለሰው ሰው መብራቷን ማጥፋት አልቻለበትም ወይም ረሳት፤ አንዱ መጥቶ በሁለት ብር ቴፕ ጨረሳት። ጋሼ ያቺን ቴፕ ይዘው ሦስት ዓመት ነድተዋል።

«ልጆቼን ጭኜ አገር ቤት ሄጄባታለሁ» አሉ። ለማንም አልነበረም የሚናገሩት።

የሸጠላቸውን ሰው ስም ይጠራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጠሩም። ቆይተው «እሱም እንዲሁ ገዝቶ ይሆናል» ብቻ አሉ።

ማታ ሙቀቱ ትንሽ ሲበርድ ሦስታችን ጋራዡ ደጃፍ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ልጁን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ሌላው መካኒክ ሁሉ ሳያየው ያለፈውን እንዴት አየኸው?

«ሠርቼው ስለማውቅ» አለ።

አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ በተለማማጅነት ሲሠራ፣ ለሽያጭ የሚዘጋጁ መኪኖች ይመጣሉ። የእሱ ሥራ ማጠብ፣ ጎማ ማጥቆር፣ ሞተር በናፍታ መጥረግ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ዳሽቦርዱን ፈትተው «ይቺን ሸፍን» ይሉታል። ይሸፍናል። ኤርባግም፣ ኤቢኤስም፣ ቲ-ቤልትም። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መብራት እንጂ መኪና የማበላሽ አልመሰለኝም።» ስንት መኪና እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ጋሼ ሻያቸውን ጨረሱና «ቴፑ የዱባይ ነው የኛ?» አሉት።

«የኛ ነው ፋዘር። ይሄ ቴፕ እዚህ ሱቅም አለ።»

ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ያሰብኩትን ልጻፍ፤ አስተያየት ቻናል ነውና አስተያየት ጠብቃችሁ ይሆናል። አሮጌ መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክሱ ከበደ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪናን አልቃወምም፤ ሌላው ቢቀር ታይሚንግ ቺንጋ የለውም። ግን ዛሬ ገዋኔም ሚሌም የሚያደርሰን ቀድሞ የገባው መኪና ነው፤ ምትኩ እየራቀ በሄደ ቁጥርም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ይኖራል። ዋጋው የሚቆረጠው ደግሞ በዚያች ዳሽቦርድ ላይ ባለች ቁጥር ነው። ቁጥሯን ማንም በማይጠብቅበት ገበያ ዋሾው ብቻ ሳይሆን ያልዋሸውም ይጎዳል፤ እውነተኛ 180 ሺህ የምታነብ መኪና የያዘ ሰው ከሐሰተኛ 94 ሺህ ጋር ይወዳደራል።

እንግሊዝ አገር መኪና ለዓመታዊ ምርመራ በገባ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ (እነሱ ማይል ነው የሚሉት) ይመዘገባል፤ ማንም ሰው ታርጋውን አስገብቶ የዓመታቱን ንባብ በኢንተርኔት ያያል። ቁጥሩ ከዓምና ካነሰ ወዲያው ይታያል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ቺንጋ የቀየረ ጋራዥ መቼና በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ቀየረ በትንሽ ወረቀት ሞተሩ ክፍል ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ በቀጥታ የመጣ መኪና ያላችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ ፈልጉ። እኛም በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ እንገባለን። ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ጎማ ይታያል። መኪናዋ በየዓመቱ በመንግሥት ፈቃድ ባለው ሰው ፊት ትቆማለች። ያን ቀን ያነበበችው ቁጥር ተመዝግቦ ገዢ በታርጋ እንዲያየው ቢደረግ፣ ጋሼ ሦስት ዓመት ባልተታለሉ ነበር። አዲስ ማሽን አያስፈልገውም። አገር ውስጥ ሳይገባ የተመለሰውን አያድንም፤ አውቃለሁ። የኛን ቴፕ ግን ያስቸግረዋል። ደላላ ያልሆነ ሰው የሚቃወምበት ምክንያት ካለ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው።

ዕቃው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። ልጁ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀመረ። መጀመሪያ አዲሱን ቺንጋ ከአሮጌው ጎን አድርጎ ጥርሱን ቆጠረ፤ ስፋቱንም ለካ። ካርቶኑ ላይ ቶዮታ ስለተባለ ብቻ አላመነም። ሞተሩን በእጅ አዙሮ ምልክቶቹን ፊት ለፊት አመጣ፣ መወጠሪያውን ሞርሳ ላይ ቀስ አድርጎ ጨምቆ በቀዳዳው ቀጭን ብረት አሳለፈበት፣ ቺንጋውን አለበሰ፣ ብረቱን ሳበው። ከዚያ ያስነሳል ብዬ ስጠብቅ ቁልፍ ይዞ ክራንክ ሻፍቱን ሁለት ዙር ሙሉ በእጁ አዞረ። ምልክቶቹ ተመልሰው ገጠሙ። «በእጅ ሲዞር የሚነካካ ነገር ካለ እጅህ ይሰማዋል። በሞተር ከሆነ ግን ድምፁን ነው የምትሰማው» አለኝ። አሮጌውን ቺንጋ ወደ ኋላ ሲያጥፈው ሁለት ጥርስ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ጋሼ ጥርሶቹን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ።

ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት በነጭ ቀለም ቀኑን ጻፈበት። ኪሎ ሜትሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ፋዘር፣ ስንት ልበል?»

«የምታየውን ጻፍ። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርግበት።»

168 ሺህ ከነምናምኑ ጻፈ፤ ትልቅ የጥያቄ ምልክትም ሣለበት። መብራቷን ወደ ዜሮ መለሳት፤ ቴፗን ግን አልመለሳትም። ሰመራ ማታ ገባን። ቀጠሮዬ አልፏል፤ ጽሑፉም ያለ ኃላፊው ቃል ወጣ። ጋሼ በመንገዱ ሁሉ፣ በቆምንበት ሁሉ፣ ቁልፉን አዙረው ሳያስነሱ ጥቂት ይጠብቁ ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ እየቆጠሩ ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ። ባለፈው ሳምንት የደወሉት ጋሼ ናቸው። ሊሸጧት ነው፤ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ሌላም ሌላም። ገዢ ይዞ የመጣው ደላላ ኮፈኑን ከፍቶ ያችን ጽሑፍ ሲያይ «ጋሼ፣ ይቺን ጥያቄ ምልክት በቤንዚን ጥረጓት፤ እሷ ብቻዋን ስንት መቶ ሺህ ብር ታወርድብዎታለች» አላቸው። ቺንጋው አዲስ መሆኑ ይታይ፣ ጥያቄ ምልክቷ ግን ምን ታደርጋለች ነው የሚለው።

«አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

እኔ ሰመራ ትወስደናለች ያልኩ ሰው ነኝ። ምን እላለሁ? ልጃቸው የምትማርበትን ገንዘብ አስቤ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ደላላው ቅዳሜ ተመልሶ እንደሚመጣ ነግረውኝ ዘጉ።

ትናንት መልሼ ደወልኩ። አልጠረጉትም፤ መኪናዋም አልተሸጠችም።